መፍትሔ ከሌለህ አትናገር?

እኛ የዘንድሮ ሠልጣኞች ለአማርኛ መጻፊያና ለተማሪ ውጤት መመዝገቢያ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮችን የምንተችበት አነስተኛ የውይይት ቡድን በቴሌግራም ካቋቋምን ዓመት ሊሞላን ነው። ሠሪዎቹን ስንተች ማንንም አንፈራም። ጭቅጭቁ የመጣው ከወዲያ ሳይሆን ከወዲህ ነው፤ «ማን ይናገር? ማንስ ዝም ያሰኝ?» በሚለው ላይ።

ለማስተማር ልምምድ የወጣች አንዲት እኅታችን ከደረሰችበት ትምህርት ቤት የገጠማትን ጻፈችልን። የአንድ ልጅ ስም በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በብዙኃኑ «ኀ»፣ በሁለተኛው በሃሌታው «ሀ» ተጽፎ ኖሮ መመዝገቢያው ልጁን ሁለት ተማሪ አድርጎ ቆጠረው። የእያንዳንዳቸው ውጤት ግማሽ ነዋ! አማካይ ሲሠራ ሁለቱም ወደቁ። አወያያችን ታዲያ «ይህ የጸሐፊው ስሕተት ነው፤ መፍትሔ ሳይዙ ማማረር እዚህ ክልክል ነው» አለና ጽሑፏን አጠፋው። «ለምን?» ብትል እሷኑ አስወጣት።

እስቲ ነገሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 እያንዳንዱ ፊደላችን የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን 3 የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚሁ። ስም ሲፈለግ እንዲያመሳስላቸው ካልታዘዘ በራሱ አያመሳስልም። ይህንን ማዘዝ የሠሪው ሥራ ነው እንጂ መቶ ስም በአንድ ከሰዓት የሚመዘግብ መምህር ሥራ ነው እንዴ?

በእርግጥ አወያይ ያስፈልጋል። አወያይ ባልነበረን ሳምንታት ስድቡና የንግድ ማስታወቂያው ሌላውን ጽሑፍ ውጦት ነበር። ነገር ግን «መፍትሔ ያዝ» የሚለው ደንብ ሲተረጎም ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉት ሦስት አራት ልጆች ብቻ ይናገሩ ማለት ነው። የምግብ ቤታችንን ወጥ ቀጠነ የምንለው ሁላችንም ወጥ ሠሪ ሆነን ነው?

ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚጠሉ ጥቂት ሰዎች በኢሜይል ሲለዋወጡት የቆዩትን ምሬት እ.ኤ.አ. በ1994 በመጽሐፍ አሳትመውት ነበር። በዚያው መጽሐፍ ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ ተቺዎቹን መልሶ የሚተች «ፀረ መቅድም» ጽፏል፤ ቦታውን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ለአንዲት ዕጩ መምህርት አምስት መስመር በዛባት።

ባለፈው ወር ከብዙ ንትርክ በኋላ በድምፅ ብልጫ ሁለት ነገር ተወሰነ። ጽሑፍ ሲጠፋ ምክንያቱ ለሁሉም ይነገራል፤ ያስወጣ ሰው ደግሞ ይግባኝ ሰሚ አይሆንም። አወያዩ ቅር ቢለውም በቦታው አለ። የልጁንም ሁለት መዝገብ እኅታችን በእጇ ደምራ ርእሰ መምህሩን አስፈርማበታለች። ወደ ቡድኑ ተመልሳ ገብታለች፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ቃል አልጻፈችም።