ፓስፖርት የሚሸጥ አገር፣ መሬት የማይሸጥ ሰፈር

ዶሚኒካ ሄጄ ነበር ስል ሰው ሁሉ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይመስለዋል። ሌላ ናት። በጓዴሎፕና በማርቲኒክ መካከል ያለች፣ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና 70 ሺህ አካባቢ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1493 በአጠገቧ ሲያልፍ ዕለቱ እሑድ ስለነበር በዚያው ሰየማትና መንገዱን ቀጠለ። ስም ግን ነበራት። ካሊናጎዎች «ዋይቱኩቡሊ» ይሏታል፤ ቁመቷ ረጅም ነው እንደማለት። ከባሕር ለሚመጣ ሰው ልኩ ይህኛው ስም ነው። ተራራው ከውሃው ቀጥ ብሎ ነው የሚነሣው።

እኔም የመጣሁት በባሕር ነው። ሌ ሴንት ከሚባሉት ትንንሽ የጓዴሎፕ ደሴቶች በአንድ ባልና ሚስት ባለሸራ ጀልባ ተሳፍሬ፣ የምግብ ወጪ ተካፍዬ፣ ገመድ ጎትት ሲሉኝ እየጎተትኩ። 20 የባሕር ማይል ያህል ነው። የደሴቶቹ ከለላ ሲያልቅ ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስና ማዕበል ጀልባዋን በጎኗ ያጋድላታል። ደጋ ያደገ ሰው ስለዚያ ሰዓት ባያወራ ይሻላል። ፖርትስማውዝ ገና መልሕቅ ሳንጥል አንድ አስጎብኚ በሞተር ጀልባ መጥቶ ተቀበለን። ማኅበር አላቸው፤ ማሰሪያ ያሳያሉ፣ ወንዝ ያስጎበኛሉ፣ ማታ የቆሙትን ጀልባዎች እየዞሩ ይጠብቃሉ። የእኛን ተራ አስከባሪዎች አስታወሱኝ፤ ልዩነቱ እነዚህ የሚያስከፍሉት ለሠሩት ሥራ መሆኑ ነው።

ሐሳቤ ግን ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ነበር፤ የካሊናጎ ግዛት። በዚያ በኩል ውቅያኖሱ በቀጥታ ስለሚመታ ለባለሸራ ጀልባ የሚያስተማምን ማረፊያ የለም ማለት ይቻላል። ጀልባዋን ትቼ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ጎደሬ። ዌስሊ ስንደርስ አረንጓዴው ድንገት ተቋረጠና የተቆረጠ ኮረብታና ቀይ አፈር መጣ። አዲሱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራበት ቦታ ነው።

የገንዘቡ ምንጭ ፓስፖርት ነው። ዶሚኒካ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ዜግነት ትሸጣለች። ዋጋው ለረጅም ጊዜ ለአንድ ሰው 100 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ2024 ወደ 200 ሺህ ከፍ ብሏል። ገዢው ለረጅም ጊዜ አገሪቱ ውስጥ መኖር አይጠበቅበትም ነበር። መቀለድ ቀላል ነው፤ ግን ይኸው ገንዘብ በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን አብዛኛውን ጣሪያ ከጎዳች በኋላ ቤት ሠርቷል። ሌላ ምን ትሽጥ? ሙዙ እንደሆነ የአውሮፓ ገበያ ከለላ ሲቀርበት ወድቋል።

ከዌስሊ ትንሽ እልፍ ብሎ ግን የማይሸጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1903 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ለካሊናጎዎች 3,700 ኤከር፣ ማለትም 1,500 ሄክታር ያህል ከለሉላቸው። ደሴቲቱ በሙሉ የእነሱ ለነበረች ሕዝብ ይህ ስጦታ ከተባለ ነው። በ1930 ፖሊሶች ኮንትሮባንድ ፍለጋ ገብተው በተነሣው ግጭት ሁለት ሰዎች ተገደሉ፤ እንግሊዞች የጦር መርከብ ላኩ፣ አለቃቸውንም ሻሩ። መሬቱ ግን የጋራ እንደሆነ ቀረ። ዛሬ ወደ 3 ሺህ ሰው ይኖርበታል። ቤት ትሠራለህ፣ ታርሳለህ፤ ለውጭ ሰው መሸጥ አትችልም።

አንዲት እናት ካሳቫ ሲጋግሩ አገኘኋቸው። መራራው ካሳቫ መርዝ ስላለው ተፍቆ፣ ውሃው ተጨምቆ ነው ምጣድ ላይ የሚወጣው፤ ቆጮ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም። ትኩሱን ከኮኮናት ጋር ሰጡኝ። የእህታቸው ልጅ፣ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ አናጢ፣ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ነበር። ስለ መሬቱ ስጠይቅ ሁለቱ ተለያዩ።

ልጁ ተማሯል። ማሪያ ቤቱን ከወሰደችበት በኋላ ባንክ ሄዶ፣ የመሬትህን ካርታ አምጣ አሉት። በስሙ ካርታ የለውም። እዚያው ደሴት ላይ፣ ከግዛቱ ወጣ ብሎ የሚኖር እኩያው መሬቱን አስይዞ ተበድሯል። በጋራ የያዝነው ድህነትን ነው አለኝ። አክስቱ ምጣዱን ሳይተዉ መለሱለት፦ ያን ሳምንት፣ ጣሪያ ሳይኖረን፣ ውሃ ሳይኖረን፣ መሸጥ ቢፈቀድ ኖሮ ማን ነበር የማይሸጠው? ይህን ባሕር የሚያየውን ጉብታ ዛሬ ማን ይይዘው ነበር?

እኔ ከአክስቱ ጋር ነኝ። የልጁ ችግር እውነት ነው፤ ነገር ግን የባንኩ ሕግ ሊቀየር ይችላል፣ የተሸጠ መሬት ግን አይመለስም። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል ብላችሁ እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁ። ቃሉ ይመሳሰላል፤ ነገሩ አይመሳሰልም። እዚያ ባለቤቱ ስሙ የሚታወቅ ማኅበረሰብ ነው፤ አለቃውንና ምክር ቤቱን ራሱ ይመርጣል፣ በየመንገዱ ይወቅሳቸዋል። እኛ ዘንድ «የመንግሥትና የሕዝብ» ተብሎ ሲያበቃ ሰጪውም ነሺውም አንዱ ብቻ ነው።

ለልጁ ከአገሬ አንድ ነገር ነገርኩት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው መሬቱን ሳይሸጥ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ጓጓ። ዝርዝሩን ጠየቀኝ፤ ስልኩ ላይ ጻፈው።

አክስቱ ግን ካሳቫውን እየገለበጡ፣ ገበሬው ሳይከፍል ቢቀርስ አሉ። ባንኩ ለተወሰነ ዓመት መሬቱን ይጠቀምበታል አልኳቸው። ልጁን አዩት። እሱም ስልኩን ኪሱ ከተተ።