ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ…
የጉለሌ ልጅ ነኝ። በእንጦጦ ባህር ዛፍ መሀል በላስቲክ ወፍ ስመታ ስላደግኩ ጠመንጃ መያዝ ምንም አይመስለኝም ነበር። 20 ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ የአደንና የመሣሪያ ፈቃዱን ይዞ፣ እኔንም አስከትሎ ለጅግራ አደን ወደ ስምጥ ሸለቆ ወረደ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጥድፊያ ነው። ጅግሮቹን 60 ሜትር ላይ እንዳየሁ ተኮስኩ። የአደን ጠመንጃ እርሳሱን በትኖ ስለሚተፋ ከ35 ሜትር ካለፈ እምነት አይጣልበትም፤ ቢያገኛትም አቁስሎ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው፣ ሮጬ ተከተልኳቸው። ጅግራ ደግሞ ከመብረሯ በፊት በእግሯ ነው የምታመልጠው፤ ማን ይደርስባታል!

ሦስተኛውን ሳስበው ዛሬም ላብ በላብ ያደርገኛል። ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ "አገኘኋት!" ብዬ ደገንኩ። አጎቴ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ገፋው። ብቅ ያለው 8 ዓመት የማይሞላው የፍየል እረኛ ነበር።

አጎቴ አልተቆጣም። ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን ተቀበለኝ፤ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እናንተዬ፣ ኮሽታ ጅግራ አይደለም። በዓይናችሁ ሳትለዩ፣ ከኋላዋ ያለውንም ሳታዩ ጣታችሁ ቃታ አይንካ። ጅግራ ነገም ትገኛለች።