በባልንጀራ በኩል የመጣ እምነት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ደምበል አጠገብ ጡረተኛ ሆኜ ስኖር ከጎረቤት ልጆች አንዱ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ካቶሊክ የሆኑት በክርክር ተረትተው ነው ወይስ በትምህርት ቤት ዳቦ ተደልለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ድፍረት ያለበት ቢመስልም አልተቀየምሁም፤ በሀገራችን ታሪክ እንዲህ የሚያስጠይቅ ነገር አለና።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። አባ ፔድሮ ፓኤዝ የተባሉት እስፓኛዊ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ከዚያ በፊት በየመን ለብዙ ዓመት በምርኮ ታስረው ነበር። ከገቡም በኋላ ግእዙንም አማርኛውንም ተምረው ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጁ፤ በ1618 የግዮንን ምንጭ አይተው ጻፉ፤ በ1622 ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዙ። ከዚህ የተነሣ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፓኤዝ ከሞቱ ገና ዐሥር ዓመት ነበር። በወዳጅነት የተሠራው በትእዛዝ ፈረሰ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የዛሬው ጎረቤቴ ልጅ እንኳ የሚጠይቀኝ ከዚያ ቁስል የተነሣ ነው።

ከዚያው መከራ የተረፈ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ የተባሉት የአምሐራ ሰው ከሚሲዮናውያኑ ጋር ተሰደው ሮም ደረሱ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሮም መጥቶ ሳለ እርሳቸውን አገኘ። አንዱ ካቶሊክ፣ ሌላው ሉተራዊ፤ መጀመሪያ እንደ ልብ የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ ጥሪ ጎታ ወደምትባለው ከተማ ሄደው ከሉዶልፍ ጋር ስለ ሀገራችን ሲነጋገሩና ሲያስጽፉ ሰነበቱ። ጥቂት ዓመታት ቈይተው በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን የግእዙን መዝገበ ቃላት በ1661፣ የአማርኛውን ሰዋስው በ1698 አሳተመ። አማርኛ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ፣ የሰዋስው መጽሐፍ በገለጥሁ ቍጥር እኒህ በባሕር የቀሩ መነኵሴ ትዝ ይሉኝ ነበር።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሳቡኝ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 በጎጃም ዲቦ በሚባል ቦታ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በአደጋ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። በመርጡለ ማርያም መንኵሰው የምንኵስናው ሥርዓት ለምን እንደ ላላ ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ። እንግዲህ በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብጽ ከላኳቸው ሰዎች ጋር አብረው ወጡ። መንገዱን የመሯቸው አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ጣልያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል መጀመሪያ በኒህ ፈረንጅ ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ሊቅ አይደሉ! ዳሩ ግን ከካይሮ እስከ ሮም፣ ከዚያም እስከ ኢየሩሳሌም አብሮ የተጓዘ ሰው የባልንጀራውን ጠባይ ሳያውቅ አይቀርም። አቡነ ያዕቆብ የሀገሩን ቋንቋ ተምረው፣ የሀገሩን እንጀራ በልተው፣ የግእዙን ሥርዓት አክብረው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ከጉዞው በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1844፣ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ ሆኑ። ሁለቱም በአንድነት ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ ተማሪም አስተማሩ። በ1851 ቅስና ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ስድሳ ደርሶ ነበር፤ እኛ ጡረታ የምንወጣበት ዕድሜ መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አገሩን በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት ባሰቡበት ጊዜ ተይዘው ብዙ ተሠቃዩ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሞቱ። ሮም በ1926 ብፁዕ፣ ወዳጃቸውንም በ1975 ቅዱስ ብላለች።

ይህን ሁሉ ያነበብሁት በኋላ ነው። አስቀድሞ ልቤን የነካው ሲኒማ ነው፤ ሲኒማ ለኀጢአት ብቻ የተፈጠረ የሚመስላቸው ሽማግሌዎች ይታዘቡኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተዘርግቶ «ሙሴ ቬንሳን» የተባለውን የ1947 የፈረንሳይ ፊልም አሳዩን። ፈረንሳይኛውን ግማሹን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ፊልሙም ሁለት ጊዜ ተበጥሶ በጨለማ ጠበቅን። ቅዱስ ቬንሳን ወደ አንዲት መንደር ሲገቡ ሰዎቹ ተስቦ ፈርተው ደጃቸውን ዘግተዋል፤ በድንጋይም ይወግሯቸዋል። እርሳቸው የሚሄዱት ግን ሌላው ወደ ሸሸው ቤት ነው። በመጨረሻም ሸምግለው ለአንዲት ወጣት መነኵሲት ሲመክሩ፣ ለድኻ ሾርባና ዳቦ ማደሉ ቀላሉ ሥራ እንደ ሆነ፣ ከባዱ ግን ፍቅርን ሳያጓድሉ መስጠት እንደ ሆነ ይነግሯታል። አቡነ ያዕቆብ የኒህ ሰው ልጅ መሆናቸውን፣ ማኅበሩም ሜንዴዝ ወደ ሀገራችን በገቡበት በዚያው በ1625 መመሥረቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ሌሊት ያወቅሁት፣ ትምህርት ቤት የምንበላው ዳቦ እንዴት ያለ ሰው ሲሰጠው እንደሚጣፍጥ ብቻ ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ካቶሊክ ሆንሁ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ በቁሜ አለቀሰችልኝ። ዘመድ ሁሉ ሲሸሸኝ ሳለ በመካከል ገብቶ ያስታረቀን አንድ የቄስ ልጅ ባልንጀራዬ ነው፤ ራሱ ዲያቆን ነበረ። «እማማ፣ ልጅዎ ጾሙን አልተወም፤ ማርያምንም አልካደም፤ ይልቅ እርስዎ ልጅ እንዳያጡ» ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ። እናቴ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር በአንድ መሶብ ቀረበች፤ ሃይማኖቴን ግን እስክትሞት ድረስ በስሙ አልጠራችውም፤ «የዚያ ነገርህ» ነበር የምትለው።

ከዲያቆኑ ጋር አርባ ዓመት አለፈን። እርሱ የተዋሕዶን፣ እኔ የካቶሊክን ይዘን ስንከራከር አንድም ቀን አልተረታታንም። የጻፍሁትን ሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው እርሱ ነው፤ የግእዝ ስሕተት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። በ2024 ካዛንችስ ሲፈርስ እርሱ ከከተማው ዳር ገባ፤ አሁን በሁለት ታክሲ መጥቶ ደምበል አካባቢ ቡና እንጠጣለን። ይህን ጽሑፍ ባነበብሁለት ቀን ስለ አባ ገብረ ሚካኤል የሚለው ላይ ሲደርስ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«እኒህ ሰው የአገሬ የጎጃም መነኵሴ ናቸው፤ ያንተ ብቻ አድርገህ አትጻፋቸው» አለና የቡናውን ሒሳብ ከፈለ።