አራተኛው ወንበር

እኔ በአንድ በኩል ሠራተኛ ነኝ፤ በሌላ በኩል ደግሞ አሠሪ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ደመወዝ አልበቃ ብሎ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር እማረራለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ከእኔ ደመወዝ የምትጠብቅ የቤት ሠራተኛ አለች። ከአንባቢዎችም ብዙዎቻችሁ እንደኔው የሁለቱም ወገን ሰዎች ትመስሉኛላችሁ። ስለዚህ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሲባል የመንግሥትና የባለፋብሪካዎች ጉዳይ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም፤ ጓዳችን ድረስ ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። በቦርዱ ውስጥ መንግሥት፣ አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ሌሎች የሚመለከታቸው ወገኖች ተቀምጠው፣ በጥናት ላይ ተመሥርተው ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲያዩ ነው የታሰበው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም የሠራተኞች ቀን ሲከበር ጉዳዩን ደጋግሞ አንሥቷል። ቁጥሩ ግን ሳይወሰን ዓመታት ተቆጠሩ።

ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በአገራችን የአልባሳት ፋብሪካዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ተጽፏል። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ በልታ፣ ለእናቷም የምትልክ ልጅ እንዴት እንደምትኖር የምታውቀው እሷ ናት። ባለፋብሪካው ደግሞ ደመወዝ ልጨምር ብል ገዢው ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር ይወስድብኛል ይላል። መንግሥት ሥራ አጡ ወጣት በበዛበት አገር ፋብሪካ እንዳይዘጋ ይሰጋል። ሦስቱም ውሸታም አይደሉም። ለየብቻ ሲናገሩ ግን አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ቁጥሩም አይገኝም።

ደቡብ አፍሪካውያን ለዚህ ዓይነቱ ነገር የራሳቸውን ጠረጴዛ አዘጋጅተዋል። አፓርታይድ ባበቃበት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ፣ ኔድላክ የተባለ ብሔራዊ የኢኮኖሚ፣ የልማትና የሠራተኛ ምክር ቤት አቋቋሙ። ስለ ሥራ ገበያ የሚወጣ ሕግ ፓርላማ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይመከርበታል። ጠረጴዛው አራት ወገን አለው፤ መንግሥት፣ ነጋዴ፣ የተደራጀ ሠራተኛ፣ አራተኛው ኅብረተሰቡ ነው። በዚህ በአራተኛው ወንበር የሴቶች፣ የወጣቶችና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ተወካዮች ይቀመጣሉ።

ዝቅተኛውንም ደመወዝ የተደራደሩት በዚያው ነው። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ሥራ 20 ራንድ እንዲሆን ተወሰነ። የእርሻ ሠራተኛ ግን 18፣ የቤት ሠራተኛ 15 ራንድ ብቻ ነበር የደረሳቸው። የእርሻ ሠራተኞች ከሌላው ጋር የተስተካከሉት በ2021፣ የቤት ሠራተኞች ደግሞ በ2022 ነው። ጠረጴዛው ተአምር አልሠራም፤ ሥራ አጥነት ዛሬም የአገሪቱ ትልቅ ሕመም ነው። ቢሆንም ወለሉ ተነጠፈ፤ ወደ ኋላ የቀሩትም በሦስት ዓመት ገደማ ደረሱ።

ሰውን አስቀምጦ መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ እኛም ቤት አይቻለሁ። በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ሰሞን ከቤት ሠራተኛችን ጋር ስለ ደመወዝ እንነጋገራለን። ባለፈው ጊዜ እኔና ባለቤቴ ልንጨምር ያሰብነውን ስንነግራት አመሰገነች። ቀጥላም አንገቷን ደፍታ፣ “ጋሼ፣ እትዬ፣ ብሩ ቢቀንስም ግዴለኝም፤ የማታ ትምህርት ልመዝገብ” አለችን።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። የኑሮ ውድነቱን አስልተን ነበር፤ የጤፉን፣ የዘይቱን ዋጋ አውቀናል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው ትምህርት እንደሚቆጫት ግን ከእሷ በቀር ማን ሊነግረን ይችላል? ድርድሩ ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ ከሥራ የምትገባው አመሻሽ ላይ ነው፤ ትንሹ ልጃችንም የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። በመጨረሻ ወጡ ቀን ተሠርቶ እንዲያድር፣ የራቱን ዕቃ ትልቁ ልጃችን እንዲያጥብ፣ እኔም ሁለት ቀን ቀደም ብዬ እንድገባ ተስማማን። ከጭማሪው ጥቂቱ ለደብተርና ለታክሲ ዋለ። ሁላችንም አንዳንድ ነገር ለቀቅን።

እንደ እሷ ያሉትን አዋጁ አያቅፋቸውም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ካላወጣለት በቀር። አብዛኞቹ የሠራተኛ ማኅበርም የላቸውም። በየግንባታው አሸዋ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት፣ ሊስትሮው፣ ሁሉም በኢኮኖሚው ውስጥ አሉ፤ በስብሰባው ግን የሉም። ኢሠማኮ የአባላቱን ድምፅ ያሰማል፤ የአሠሪዎች ማኅበርም እንዲሁ። አባል መሆን ያልቻለውን ማን ይናገርለት?

አዋጁ “ሌሎች” ብሎ የተወው ቦታ ለእነዚህ ሰዎች መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ቦታው ክፍት ሆኖ ከተተወ በቢሮ ሰው መሞላቱ አይቀርም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። በደመወዝ ጉዳይ ግን ዝም ያለ ሰው ድርሻው ሲነቅዝ ነው የማየው። ቦርዱ የተቋቋመ ዕለት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የብሩን መጠን ይሆናል። እኔ ግን ቀድሜ የማነበው የአባላቱን ዝርዝር ነው።