ግፊቴ አልወርድ አለ

«ሦስት ዓይነት ኪኒን እየዋጥኩ ግፊቴ አልወርድ አለ» የሚል ሰው በጭሮም፣ በሒርናም፣ በገለምሶም አይጠፋም። ቀጥሎ የሚጠይቀው ደግሞ አዲስ አበባ የተሻለ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ነው።

እኔ ግን ሌላ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ የተለካኸው ኢጀበናህን፣ የጠዋት ጫትህን፣ ቅመህ ነው ሳትቅም? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። በምርቃና ላይ የተለካ ግፊት ላይ ተመሥርቶ ሌላ ኪኒን ይጨመራል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ባለሙያው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፣ ታካሚውም አይናገርም። ጫት እዚህ አገር የልጆች ደብተርና የቤት ቆርቆሮ የሚገዛበት ምርት ስለሆነ «ተው» ብሎ መቆጣት ብቻውን የትም አያደርስም። ለሐኪም መደበቅ ግን ከመቃሙ የባሰ ነው ባይ ነኝ።

ለወገብ ሕመም በየጊዜው የሚዋጠው ዳይክሎፌናክም ግፊት ይጨምራል፣ የግፊቱን መድኃኒትም ያዳክማል። በምንጠጣው ሆጃ ላይ ጣል የሚደረገው ጨውም ይቆጠራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ረመዳን ሲገባ ኪኒኑን ጭራሽ የሚያቆምም አለ። ለምሳሌ የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሐኪም አማክሮ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ማዞር ይቻላል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ የሚያሸናውን ጨምሮ ሦስት መድኃኒት በበቂ መጠን እየተወሰደ ግፊቱ ከ140/90 በታች ካልወረደ፣ ያኔ በእርግጥም እምቢተኛ ግፊት ነው። ኩላሊትና ሆርሞን መመርመር ያለበትም ያኔ ነው። አራተኛው መድኃኒት ደግሞ ብዙዎች እንደሚጠብቁት አዲስና ውድ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣው ፓዝዌይ-2 የተባለ ጥናት ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ግፊት ያወረደው ስፓይሮኖላክቶን መሆኑን አሳይቷል። ሆዳቸው ውሃ ለቋጠረ የጉበት ሕሙማን የሚታዘዘው ያው የቆየ ኪኒን ነው። ችግሩ ፖታሲየምን ከፍ ማድረጉ ነው፤ በተለይ ሌላው የግፊት መድኃኒት ከሆነው ከኢናላፕሪል ጋር ሲወሰድ የደም ምርመራ ሳይደረግ መጀመር የለበትም። የወንድን ጡት ሊያሳብጥ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም።

የኩላሊት ነርቭን በካቴተር የማዳከም ሕክምናም አለ፤ አሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። የሚያወርደው መጠን ግን ያን ያህል ስላልሆነ፣ ለእሱ ብሎ ከብት መሸጥ አያስፈልግም።

ወገኖቼ፣ ኪኒናችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሳትቅሙ ሂዱ፣ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ አሳዩ፣ ስለ ጫቱም ሳትጠየቁ ተናገሩ።