ከአኩፋዳ እስከ ጠመኔ

በምሥራቅ ጎጃም፥ የዓባይ በረሓ ቍልቍል ከሚታይበት ደጋ ላይ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር የተወለደው ይህ ወጣት፥ ዛሬ በጎጃም ካሉት የመምህራን ኮሌጆች በአንዱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ፊደል አልቈጠሩም። ዳሩ ግን ከልጆቻቸው አንዱ እንኳ ቀለም እንዲያውቅላቸው አጥብቀው ይመኙ ነበርና፥ ይህን ልጃቸውን ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ እጁን ይዘው ከደብሩ የኔታ ዘንድ ወሰዱት። «ዓይኑን ብቻ ይጠብቁለት እንጂ፥ ቢገርፉት አላዝንም» ብለውም አስረከቡት።

የትምህርቱ ሥርዓት አንባቢ የሚያውቀው ነው፤ ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፥ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ ዳዊት። ልጁ በሦስት ዓመት 150ውን መዝሙር ደገመ፤ የደብሩም ሰዎች አደነቁ። ነገር ግን በኋላ ራሱ እንደሚናገረው፥ ከዚያ ሁሉ መካከል ብዙውን በጆሮው ይዞት ኖሮ በዓይኑ ያነበበው ጥቂት ነበር። ባልንጀሮቹ አንድ ገጽ ቢገልጡበት የት ላይ እንደ ደረሰ ይጠፋው ነበር። ይህንንም ጕድለት ለማንም ሳይናገር ደብቆ ኖረ።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው እንደ ብዙዎቹ ቆሎ ተማሪዎች ለእናቱ ሳይናገር በሌሊት ወጣ። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ጨብጦ ከቅኔ መምህር ጎጆ ደረሰ። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ወደ ደጅ የዞረበትን ዘመን ሲያነሡበት ሱሪውን ጥቂት ከፍ አድርጎ የቀኝ እግሩን ባት ያሳያል፤ የውሻ ጥርስ አሁንም በዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቀን ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ማታ የቈጠረውን ይነግራል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ፥ ከዚያም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ፈጀበት። ግሱንና አገባቡን ለማጥናት የነጋበት ሌሊት ብዙ ነው።

በሦስተኛው ዓመት መምህሩ ለጀማሪዎች አስነጋሪ አደረጉት። አንድ ማታ አንድ ጀማሪ የተሰበረ ጉባኤ ቃና ይዞ መጣ። አስነጋሪው እንደ ልማዱ አርሞ ሊሰድደው ይችል ነበር፤ ድካም ስለ ነበረበት ይሁን ሌላ ምክንያት ይኑረው አይታወቅም፥ «ይህን ቃል ለምን መረጥኸው?» ብሎ ብቻ ጠየቀው። ልጁም ምክንያቱን ሲያስረዳ ሰሙና ወርቁ የተለያዩበትን ስፍራ ራሱ አገኘውና በደስታ ጮኸ። ወጣቱ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። መምህር የመሆን ዐሳብ በልቡ የተጸነሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የገባው በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ተፈትኖ አራተኛ ክፍል ስለ ተመደበ፥ ከዐሥር ዓመት ሕፃናት ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀመጠ፤ ሕፃናቱም «ጋሼ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ግእዙና አማርኛው ባይቸግረውም እንግሊዝኛውና ሒሳቡ አስጨነቁት። ማደሪያው በከተማው ነጋዴ የነበሩት የአጎቱ ሱቅ ነበር፤ ሌሊት ዘብ እየሆነ፥ ጧት እየጠረገ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና በወረቀት የሚሠራ አልነበረም። አጎቱ ልጅ አልነበራቸውምና ጠርተው፥ «አንተ ልጅ፥ መምህር እሆናለሁ ትላለህ አሉ። የመምህር ደመወዝ ወሩን አያደርስም። ከእኔ ጋር ሁን፤ ነገ ሱቁ ያንተ ነው» አሉት። ቀድሞ በሠርግ ዘፈን ሳይቀር መምህር ያገባች ሙሽራ ትመሰገን እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ ዛሬ ግን የመምህር ቤት ኪራይ በየቡና ቤቱ የቀልድ ርእስ ሆኗልና፥ የአጎቱ ቃል ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። እናቱ ደግሞ በበኩላቸው ቄስ ሆኖ ሊያዩት ይናፍቁ ነበር።

ወጣቱ ሦስት ወር ሲያመነታ ቆይቶ፥ በመጨረሻ በእግሩ ተጕዞ የቅኔ መምህሩን ምክር ጠየቀ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ልጄ፥ እኔ ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ደመወዝ ተቈርጦልኝ አያውቅም፤ ተማሪ ግን አጥቼ አላውቅም» አሉ። ሂድም፥ ቅርም አላሉትም። እርሱ በሳምንቱ ከኮሌጁ ተመዘገበ። አጎቱም ከዚያ ወዲህ በሱቁ እንዲያድር አልፈቀዱለትም።

የሄደበት መንገድ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፥ የተፈሪ መኰንንም ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ፥ ግእዝና አማርኛ ያስተማሩት ከየደብሩ ጉባኤ የወጡ ሊቃውንት ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከቅኔ ቤት ወደ ዘመናዊ ትምህርት የተሻገሩ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህ የቅኔ ተማሪ ሆኖ ኋላ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር የሚቀጠር ነው። ወጣቱ ይህን መጽሐፍ አራት ጊዜ አንብቦታል። ባልንጀሮቹ በፍቅሩ ታሪክ ሲያለቅሱ፥ እርሱ ዘወትር የሚያነሣው በዛብህ ሲያስተምር የሚገኝበትን ክፍል ነው፤ በዚህም ይሥቁበታል።

በዕረፍት ጊዜው ከንባብ ሌላ የሚወደው የፊደል ጽሕፈት ነው። መቃ ቀርጾ ብዕር ያበጃል፤ ከጥላሸትም ቀለም በጥብጦ በሰፊ ካርቶን ላይ ፊደል ይጽፋል። ብራና መግዛት አይሆንለትም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገበጣ ይጫወታል፤ ሲሸነፍ ይቈጣል ይባላል።

በመጨረሻው ዓመት ለልምምድ ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደ። በክፍሉ ከስድሳ የሚበልጡ ሕፃናት ነበሩ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ቀጭን ልጅ የመጽሐፉን ምንባብ ከሁሉ አስቀድሞ ያለ አንዳች ስሕተት አነበበ፤ ክፍሉም አጨበጨበለት። ወጣቱ ግን የልጁን ዓይን ተመለከተ። ዓይኑ ከመጽሐፉ ላይ አልነበረም። ቀረብ ብሎ ገጹን ገለጠበትና አንዲት ቃል በጣቱ ጠቈመው፤ ልጁም ዝም አለ፤ ላብም ከግንባሩ ወረደ።

የዚያ ቀን ትምህርት እንደ ታቀደው አልተፈጸመም። ወጣቱ ለክፍሉ ሌላ ሥራ ሰጥቶ ከልጁ አጠገብ ተንበረከከ፤ እንደ የኔታም ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠቈመ ያስቈጥረው ጀመር። ሊመረምረው የመጣው ተቈጣጣሪ መምህር ደግሞ በዚያው ሰዓት ከበሩ ቆሞ ነበር። በመዝገቡም «ዕቅዱን አልጨረሰም፤ ለአንድ ተማሪ ክፍሉን በትኗል» ብሎ ዝቅተኛ ማርክ ሰጠው። በእውነቱ ይህ ፍርድ ሐሰት አልነበረም፤ የቀሩት ሕፃናት ይንጫጩ ነበርና።

ወጣቱ ማታ ዕቅዱን እንደገና ጻፈ። ንባቡን ለሁሉ በጊዜው እንዲያደርስ፥ ልጁን ግን ከደወሉ በፊት ሃያ ደቂቃ ለብቻው እንዲያስተምረው ወሰነ። ማለዳ ከመንገድ ዳር ስንደዶ ቈረጠ፤ የካርቶን ፊደሉንም በክንዱ ሥር ይዞ ሄደ። ልጁ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ደጅ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ልጁ ከካርቶኑ ላይ ሦስት ፊደላት በስንደዶው እየነካ፥ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠራ፤ ጥቂት ቆይቶም አንድ ላይ አጋጠማቸውና «በሬ ... በሬው!» አለ። ተቈጣጣሪው በዚያን ቀን አልመጣም ነበር።