ጎመን በጀሪካን ሲለካ

ሞያሌ ላይ ጓሮ አትክልት አለን ስንል ሰው የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ «ውሃውን ከየት አምጥታችሁ?» ልክ ናቸው። ከተማችን በኢትዮጵያ በኩልም ሆነ በኬንያ በኩል ብዙ ቤት ውሃ በጀሪካን ገዝቶ የሚጠጣበት ነው። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይጠበቃል፤ ሲያሻው ይቀራል። ስለዚህ እኛ ቤት የጎመን ዋጋ የሚታሰበው በጀሪካን ነው።

የጀመርነው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ድንበሩ ለሰው ሲዘጋ ነው። ጭነት ያልፍ ነበር፤ እኛ ግን በእግራችን ተሻግረን የምንነግድ ስለሆንን ቤት ዋልን። ከመቂና ከባቱ በኩል የሚመጣው ቲማቲምና ሽንኩርት ደግሞ መኪና በዘገየ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል። እጃችን ላይ የነበረው ባዶ ጆንያ፣ ጠባብ ጓሮና ጎረቤት የሚጥለው የፍየል በጠጥ ነው።

ከጆንያው ጀመርን። ናይሮቢ ስንመላለስ ኪቤራ ሰፈር ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ጆንያ አቁመው ሱኩማ ዊኪ ሲያበቅሉ አይተናል። (ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋው» እንደ ማለት ነው፤ ያወጣው ነጋዴ መሆን አለበት እያልን እንስቃለን።) አሠራሩ ቀላል ነው። ታችና ላዩ የተቆረጠ ትልቅ ጣሳ ጆንያው መሃል ይቆምና ጠጠር ይሞላል፤ ዙሪያው አፈርና የበሰለ ፍግ ይደረጋል። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ እየሳቡ እንደገና መሙላት ነው፣ እስከ ጆንያው አፍ። ውሃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይወርዳል፤ ችግኙ ከላይም፣ ጎኑን በስቶም ይተከላል። ጆንያው የስኳር ወይም የሩዝ ይሁን፤ የተባይ መድኃኒት የያዘ ግን በፍጹም አይሁን።

ጎመኑ አማረ። ለአራት ጆንያ በቀን አንድ ጀሪካን ይበቃ ነበር። ቲማቲሙ ግን ቂጡ እየጠቆረ ወደቀ፤ ውሃ አንድ ቀን በዝቶለት በሌላው ቀን ሲጠፋበት እንዲህ ያደርገዋል። ፀሐይ ደግሞ ጆንያውን በዓመቱ በላችው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። ለመንገደኛ ከሁሉ የከፋው ጆንያ አለመታገሡ ነው፤ ሁለት ቀን ከቤት ከጠፋን ጠውልጎ ይጠብቀናል።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ፤ ቦረና ላይ ስንት ከብት አለቀ። አንድ ማለዳ እማማ ጀሪካን ይዘን ወደ ጓሮ ስንሄድ አዩንና፣ «የሰው ከብት በጥም እያለቀ እናንተ ጎመን ታጠጣላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሁለት ሳምንት ማንም ጓሮውን ዞር ብሎ አላየውም።

መውጫውን ያገኙት ራሳቸው እማማ ናቸው። የተገዛ ውሃ ንጹሕ ሳለ አትክልት ላይ አይፈስም፤ እጅ የታጠበበት፣ ድንች የታጠበበትና የልብስ ማለቅለቂያ ብቻ ይሂድለት አሉ። ኦሞ የበዛበት የመጀመሪያው እጣቢ ይደፋል። ቅጠሉን ሳይነካ ሥሩ ላይ ነው የሚፈሰው። እንዲህ ስናጠራቅም ከቤታችን በቀን አንድ ጀሪካን ተኩል ያህል ይወጣል፤ ቀድሞ ደጅ ላይ ስንደፋው የነበረ ውሃ ነው።

በዚህ እጣቢ ሁለት መደብ አወዳደርን። አንዱን አፈር ከምረን ከፍ አደረግነው፤ በየመጽሐፉና በየሥልጠናው የሚመከረው እሱ ነው። ሌላውን አንድ ስንዝር ተኩል ቆፍረን ዝቅ አደረግነውና ዙሪያውን በአፈር አጠርነው። ጎመንና ቆስጣ በአንድ ቀን ተከልንባቸው። ሳምንት ሳይሞላ ለየላቸው። ከፍ ያለውን ነፋሱ ከላይም ከጎንም ያደርቀዋል፤ በዝቅተኛው ውሃው ወዴትም አይሄድም፣ ችግኙም ከነፋስ ይጠለላል። የምንነግደው ቦሎቄ ስለሆነ ገለባ አላጣንም፤ ወፍራም አድርገን ስንጎዘጉዝበት በሁለት ቀን አንዴ ማጠጣት በቃ። ሦስት ቀን ቆይተን ስንመለስም ቆሞ አገኘነው። መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ መደብ አናውቅም፤ ክሽክሽ ሲወርረው አመድ ነስንሰን እንደምንም አሳለፍነው።

ኅዳር 2016 ዓ.ም. ግን የቀረው ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ የመጣ መሰለ። በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ጎርፍ ሆነ፤ ዝቅተኛው መደብ ኩሬ ሠራ፣ ቆስጣው ከሥሩ በሰበሰ። የተናቀው ከፍ ያለ መደብ ብቻ ቀረልን። እማማ ምንም ሳይናገሩ ከእሱ ቀንጥሰው ጎመን ሠሩና አቀረቡልን፤ ያ ዝምታ ከንግግር ይብሳል።

አሁን ሁለቱንም ይዘናል። ዝናብ ሲጠበቅ ከፍ ያለው ላይ ሽንኩርትና ካሮት እንዘራለን፤ ዝቅተኛው ለደረቁ ወራት ነው፣ ጥጉ ላይም ጎርፍ ከመጣ የምንከፍተው ቦይ ቀደድንለት። ጆንያን የምንመክረው መቆፈሪያ መሬት ለሌለው ተከራይ፣ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሰው ካለ ነው። የት እንደምታቆሙት ቀድማችሁ አስቡ፤ ከሞላ በኋላ ሁለት ወጠምሻም አይነቀንቀው።

አንድ ክርክር ገና አላለቀም። አዲስ ችግኝ እጣቢ አይወድም እንላለን፤ እማማ ደግሞ ይለምዳል ይላሉ። በመጨረሻ ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ፈቅደዋል፤ የሚቀዱትም ራሳቸው ናቸው።